ሦስት የመቀበያ ደብዳቤዎች፦ በኳንቲቴቲቭ ፋይናንስ የማስተርስ ፕሮግራም መረጣ ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

አመልካቿ በስታቲስቲክስ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በከፍተኛ ውጤት ካጠናቀቀች በኋላ በአንድ ንግድ ባንክ የብድር ስጋት ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታለች። የክፍሏ ዋና ተግባር ተበዳሪዎች ብድራቸውን ሳይከፍሉ የሚቀሩበትን ዕድል የሚገምቱ ሞዴሎችን መሥራትና ውጤታቸውን መከታተል ነበር። ከዚህ ሥራ ተነሥታ በኳንቲቴቲቭ ፋይናንስ፣ ማለትም የፋይናንስ ዋጋንና ስጋትን በሒሳብ በሚያሰላው ሙያ፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመማር አመለከተች፤ በማርች መጨረሻም ሦስት የመቀበያ ደብዳቤዎች በእጇ ገቡ። ከሦስቱ አንዱ በኤፕሪል አጋማሽ ተመላሽ የማይሆን ተቀማጭ እንድትከፍል ስለጠየቀ የማሰቢያ ጊዜዋ አጭር ነበር። በዚህ ሂደት ውስጥ በአማካሪነት አብሬያት ስለነበርኩ የውሳኔዋን ማስታወሻዎችና ሰንጠረዦች በፈቃዷ ተጠቅሜባቸዋለሁ። ማንነቷ እንዳይታወቅ የተቋማቱን ስም ትቼ ሀ፣ ለ እና ሐ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፕሮግራም ሀ በብሪታንያ የሚገኝና ስሙ በየትኛውም አገር የሚታወቅ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የአሥራ ሁለት ወር ትምህርት ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ይጀምራል፤ የክፍል ትምህርቱ በሁለት ወሰነ ትምህርት ካለቀ በኋላ ከጁን ጀምሮ ያለው ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚዘጋጅበት ነው። ፕሮግራም ለ በአሜሪካ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ሥር የሚያካሂደው፣ ጥቂት ተማሪዎችን ብቻ የሚቀበል የሦስት ሴሚስተር ፕሮግራም ነው፤ ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር ይጠናቀቃል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሴሚስተር መካከል ያሉት ሦስት ወራት ደግሞ ለተግባር ልምምድ፣ ማለትም ለኢንተርንሺፕ፣ ክፍት ናቸው። ፕሮግራም ሐ በፈረንሳይ የሚሰጥ የሁለት ዓመት ማስተርስ ሲሆን የመጨረሻው ሴሚስተር በአንድ ባንክ ወይም የፋይናንስ ተቋም ውስጥ በሚደረግ የስድስት ወር ልምምድ ያበቃል። ክፍያው ከሦስቱ እጅግ ዝቅተኛው ነው፤ አብዛኛው ትምህርት ግን በፈረንሳይኛ ይሰጣል።

ወደ እኔ ስትመጣ ልቧ ወደ ሀ ያዘነበለ ነበር። ምክንያቷም ሁለት ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ስምና የትምህርቱ አጭርነት። ሁለቱም ተራ ምክንያቶች አይደሉም፤ ስም በሩቅ አገር በር ይከፍታል፣ አንድ ዓመት መቆጠብም የአንድ ዓመት ደመወዝ መቆጠብ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ምክንያቶች አንድ ያልተመረመረ ግምት ተሸክመዋል፤ ይኸውም ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ሥራ ይፈለጋል የሚል ነው። ይህ ግምት በዚህ ሙያ ውስጥ አይሠራም፤ ውሳኔውን በመጨረሻ የለወጠውም እሱ ነው።

ፕሮግራሞቹ ለምን እንደማይመሳሰሉ

የማስተርስ ፕሮግራሞቹ በስም ቢቀራረቡም ከተለያየ ቤት የተወለዱ ናቸው። ኢኮኖሚስቶቹ ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ፣ ጎን ለጎንም ሮበርት መርተን፣ የኦፕሽን (አንድን ንብረት ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) ዋጋ የሚሰላበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያሳትሙ በዚያው ዓመት በቺካጎ የኦፕሽን ገበያ ተከፍቶ ነበር፤ ባንኮችም ብዙ ሳይቆዩ ልዩነታዊ እኩልታ መፍታትና ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሰው ይፈልጉ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ይህን ክፍተት የሞሉት ከፊዚክስና ከሒሳብ የመጡ ዶክተሮች ናቸው። ለዚሁ ሥራ የታቀደ ትምህርት ብቅ ያለው በ1990ዎቹ ነው። በፓሪስ የሒሳብ ምሁሯ ኒኮል ኤል ካሩዊ የመሠረቱት የፕሮባቢሊቲና ፋይናንስ ትምህርት በ1990 ተጀመረ፤ ካርኔጊ ሜሎን በ1994 የጀመረው ፕሮግራም የንግድ ትምህርት ቤቱን፣ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ክፍሎቹን አጣምሮ ተነሣ፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም በ1996 ከሒሳብ ክፍሉ ወጣ፤ በበርክሌይ በ2001 የተጀመረው ደግሞ በንግድ ትምህርት ቤት ሥር ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ብቻ በሒሳብ ክፍል ሥር አንድ፣ በኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ሥር ሌላ ፕሮግራም አለ።

የልደቱ ነገር ለአመልካቹ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ከሒሳብ ክፍል የወጣ ፕሮግራም ስቶካስቲክ ካልኩለስን፣ ማለትም በዘፈቀደ የሚለዋወጡ ነገሮችን ካልኩለስ፣ ከነሒሳባዊ ማረጋገጫው ያስተምራል፤ ከንግድ ትምህርት ቤት የወጣው የገበያውን አሠራርና አቀራረብን ያጠነክራል፤ ከኢንጂነሪንግ የወጣው ደግሞ የተሻለውን አማራጭ ወደ መፈለጊያ (ማመቻቸት) ስልቶችና ወደ ኮምፒውተር ስሌት ያደላል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት አይደለም፤ ሆኖም በአንዱ የጎደለውን በሌላው ፈልጎ ማግኘት ስለማይቻል አመልካቹ የራሱን ጉድለት አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የአመልካቿን ጉድለት በግልጽ ለመጻፍ ሞከርን። በስታቲስቲክስ ጠንካራ ናት፤ ሪግሬሽንን፣ የናሙና ንድፈ ሐሳብንና የሞዴል ግምገማን በሥራ ላይ አውላቸዋለች። ከዳታቤዝ መረጃ ታወጣለች፣ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ትሠራለች፣ ፓይተንም ትችላለች። ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ግን ጨርሶ አልተማረችም። ፕሮባቢሊቲን የምታውቀው ከመማሪያ መጻሕፍት ቢሆንም አንድን ጥያቄ ፊት ለፊት በተቀመጠ ሰው ፊት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መፍታትን አልተለማመደችም። የፈረንሳይኛ ችሎታዋ ደግሞ ትምህርት ለመከታተል ቢያስችላትም ለሥራ ቃለ መጠይቅ አይበቃም።

ሰንጠረዡ ያሳየውና የደበቀው

አመልካቿ ይዛ የመጣችው የመጀመሪያ ሰነድ የደረጃ ሰንጠረዥ ነበር። በዚህ ዘርፍ ብዙ ሰው የሚያያቸው ሁለት ሰንጠረዦች አሉ፤ ኳንትኔት የሰሜን አሜሪካ ፕሮግራሞችን ይደረድራል፣ ሪስክ ዶት ኔት ደግሞ አውሮፓን ጨምሮ ዓለም አቀፍ ዝርዝር ያወጣል። ፕሮግራም ሀ በመጀመሪያው ውስጥ ሊገኝ አይችልም፤ ስለዚህ ሀ በአንዱ ያገኘውን ቁጥር ለ በሌላው ካገኘው ጋር ማነጻጸር ትርጉም አልነበረውም፤ እሷ ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፋቸው ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ግን የደረጃው አሠራር ነው። ሰንጠረዦቹ የተመራቂዎችን የመነሻ ደመወዝ፣ ሥራ ያገኙትን ድርሻና የቅበላውን ጥብቅነት ይመዝናሉ። ሦስቱም ስለ ተማሪዎቹ የሚናገሩትን ያህል ስለ ትምህርቱ አይናገሩም። አንድ ፕሮግራም ከመግባታቸው በፊት በንግድ ጠረጴዛ፣ ማለትም የፋይናንስ ውሎች በሚገዙበትና በሚሸጡበት የባንክ ክፍል፣ ላይ የሠሩ ሰዎችን አብዝቶ ከተቀበለ የመነሻ ደመወዛቸው ከፍ ይላል፤ ያ ከፍታ ግን እዚያ ለሚገባ ለሌላ ሰው አይተላለፍም።

ከሰንጠረዡ ይልቅ ጊዜ ወስደን ያነበብነው የሥራ ስምሪት ሪፖርቶችን ነው። እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻው በመቶኛው ሥር ያለው አካፋይ ነው። የአሠራሩን ጠባይ በምሳሌ ላስረዳ። 80 ተመራቂዎች ያሉት አንድ ክፍል አለ እንበል። 8ቱ ለመጠይቁ መልስ አልሰጡም፤ 7ቱ ደግሞ ለዶክትሬት ስለቀጠሉ ወይም ወደ ቀድሞ አሠሪያቸው ስለተመለሱ ሥራ አይፈልጉም ተብለው ወጡ። ከቀሩት 65 ውስጥ 61ዱ ሥራ ቢያገኙ ሪፖርቱ 94 በመቶ ብሎ ይጽፋል፤ ከ80ው ሲሰላ ግን 76 በመቶ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። መልስ ያልሰጠ ሰው ሁሉ ሥራ አላገኘም ማለት ባይሆንም፣ ጥሩ ሥራ ያገኘ ሰው መጠይቁን ለመሙላት ይበልጥ እንደሚፈጥን መገመት ይቻላል። በዚህ ላይ ሥራ ተገኘ የሚባለው በምረቃ ዕለት ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ ወይስ ከስድስት ወር በኋላ የሚለው ልዩነት አለ፤ አማካይ ደመወዝና መካከለኛ ደመወዝም (ደመወዞቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለው) በጥቂት ከፍተኛ ክፍያዎች ምክንያት በጣም ሊራራቁ ይችላሉ።

አመልካቿ ለሦስቱም ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጻፈች። ጥያቄዎቿ ቀጥተኛ ነበሩ፤ ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ገባ፣ ስንቱ ተመረቀ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ከውጭ አገር መጥቶ በአገሩ ውስጥ ሥራ አገኘ፣ ልምምድ የሠሩት ስንቶቹ ናቸው፣ ከልምምዱ ወደ ቋሚ ሥራ የተሸጋገሩትስ? ለ በቁጥር መለሰ። ሐ የልምምዱን ቦታዎች ዝርዝር ላከ። ከሀ የመጣው መልስ ጨዋነት የሞላበት ቢሆንም ከታተመው ብሮሹር አልዘለለም። መልስ አለመስጠት መጥፎ ውጤት መደበቅ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ አንድ ትምህርት ክፍል እንዲህ ያለ መረጃ ለብቻ ላይሰበስቡ ይችላሉ። ይሁንና ከቁጠባዋ ሌላ ብድር ጨምራ የምትከፍል ሰው የምትገዛውን የማወቅ መብት አላት፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የነበረኝ አቋም ጠንካራ ነው።

ከደብዳቤው ሌላ በሊንክዲን ከእሷ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ ያላቸውን ተመራቂዎች ፈለገች፤ ማለትም ዶክትሬት የሌላቸውን፣ ከባንክ የስጋት ሥራ ወይም ከስታቲስቲክስ የመጡትን። የፕሮግራሙ ድረ ገጽ የሚያሞካሻቸው ተመራቂዎች ብዙውን ጊዜ አመልካቹን የሚመስሉ አይደሉም፤ የሚመስሉትን ለይቶ ማግኘት ጊዜ ቢወስድም ከየትኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል። ከጻፈችላቸው አብዛኞቹ መለሱላት፤ አንደኛው የሀ ምሩቅ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያሳለፈውን ጊዜ በዝርዝር ገለጸላት። የምርመራችን አቅጣጫ የተለወጠው ከዚያ መልእክት በኋላ ነው።

የቀን መቁጠሪያው

ትልልቅ ባንኮችና በፋይናንስ ገበያ ላይ የሚነግዱ ድርጅቶች በሚቀጥለው ዓመት ለሚጀመር ሥራ ቅጥር የሚከፍቱት ከኦገስትና ከሴፕቴምበር ጀምሮ ነው። ብዙዎቹ ማመልከቻዎችን እንደደረሱ እያዩ ቦታውን ስለሚሞሉ የመዝጊያው ቀን ከመድረሱ በፊት ቦታው ያልቃል። ከማመልከቻ በኋላ በኮምፒውተር የሚሰጥ የሒሳብና የፕሮግራሚንግ ፈተና፣ ከዚያም ቃለ መጠይቆች ይከተላሉ። ይህን ሰሌዳ በሀ የትምህርት ሰሌዳ ላይ ስንዘረጋው ነገሩ ወለል ብሎ ታየ። ትምህርቱ በሴፕቴምበር መጨረሻ ይጀመራል፤ በኦክቶበር ተማሪው የብራውን እንቅስቃሴን (የዋጋ መዋዠቅ የሚወከልበትን የዘፈቀደ ጉዞ) ትርጉም እየተማረ ሳለ አሠሪው ስለ ኦፕሽን ዋጋ ይጠይቀዋል። ሲ ፕላስ ፕላስ በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት፣ ማለትም ከጃንዋሪ በኋላ፣ ይጀመራል። ፕሮግራሙ የሚያስተምረው ትምህርት ጥሩ ቢሆንም ለመጀመሪያው ዙር ቅጥር አይደርስም። በአሥራ ሁለት ወር ትምህርት ውስጥ የልምምድ ወቅት ስለሌለ ደግሞ ተማሪው የሚወዳደረው በቀጥታ ለቋሚ ሥራ ነው። በለንደን ከመደበኛው ወቅት ውጭ የሚሰጡ ልምምዶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ቁጥራቸው ግን ውስን ነው፣ አብዛኞቹም የሚጀመሩት ከምረቃ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው አጭር ፕሮግራም የሚጠቅመው ሰው አለ። በሒሳብ ዲግሪ ይዞ፣ ሜዠር ቲዎሪ (የፕሮባቢሊቲን ሒሳባዊ መሠረት) ተምሮ፣ ፕሮግራሚንግን በሚገባ ችሎ የሚመጣ ሰው ኦክቶበር ሲደርስ ዝግጁ ነው፤ የሚያስፈልገው የዩኒቨርሲቲው ስምና የቪዛው መብት ብቻ ስለሆነ ረጅም ፕሮግራም ገንዘቡን ያባክንበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሀን ያለ ማቅማማት እመክር ነበር። የእኛ አመልካች ግን ኦክቶበር ላይ ዝግጁ አትሆንም።

ፕሮግራም ለም ቢሆን ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም። በኦገስት መጨረሻ የሚጀምር ተማሪ ለሚቀጥለው ጁን ልምምድ የሚወዳደረው በዚያው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ገደማ ነው። ልዩነቱ ሦስት ቦታ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ተቀባይነት ላገኙ ተማሪዎች ከትምህርቱ መጀመር በፊት የማጠናከሪያ ኮርሶችን በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ከነዚህ አንዱ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ሌላው ፕሮባቢሊቲ ነው። የልምምድ ቅጥር ከቋሚ ቅጥር ይልቅ ያልበሰለ ሰውን ይታገሣል፤ አሠሪው ለአሥር ሳምንት የሚሞክረው ሰው እንጂ ለዘለቄታው የሚይዘው ሰው አይደለምና። በመጀመሪያው ዙር ሳይሳካ ቢቀር እንኳ ሁለተኛው መኸር፣ ማለትም ሦስተኛው ሴሚስተር፣ ገና ተማሪ ሆና ያገኛታል። በአጭሩ ለ ሁለት ዕድል ይሰጣል፣ ሀ አንድ።

ዝግጁነት የሚለውን ቃል ተጨባጭ ለማድረግ አንድ የተለመደ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ አቀረብኩላት። ሳንቲም በተደጋጋሚ ሲወረወር በተከታታይ ሁለት ጊዜ ዘውድ እስኪወጣ ድረስ በአማካይ ስንት ውርወራ ያስፈልጋል? ዘውድ ወጥቶ ወዲያው ጎፈር እስኪከተለው ድረስስ? የሁለቱም ጥንዶች ዕድል አንድ አራተኛ ስለሆነ ብዙ ሰው የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ እኩል ይሆናል ብሎ ይጀምራል። አመልካቿ እንደዚያ አላለችም፤ የማርኮቭ ሰንሰለት ማትሪክስ (ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላው የመሸጋገር ዕድሎች ሰንጠረዥ) ዘርግታ ትክክለኛውን መልስ፣ 6 እና 4ን፣ አገኘች። ነገር ግን ወረቀት ሞልታ ረጅም ጊዜ ወስዳለች።

ጠያቂው የሚጠብቀው መንገድ ከዚህ አጭር ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ መጀመሪያ ዘውድ እስኪወጣ በአማካይ 2 ውርወራ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጎፈር እስኪወጣ ሌላ 2 ይጠበቃል፤ በመካከሉ ዘውድ ቢደጋገም የተያዘው ቦታ አይጠፋም፤ ድምሩ 4 ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ግን ከአንድ ዘውድ በኋላ ጎፈር ከወጣ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ የሚፈለገውን አማካይ መ ብንለው፣ መ = 1 + ½መ + ½(1 + ½መ) ይሆናል፤ ሲፈታ መ = 6። ይህን በቃል እያስረዱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መጻፍ ልምምድ የሚጠይቅ እንጂ ተጨማሪ ዕውቀት የሚጠይቅ አይደለም። የአመልካቿ ችግር እዚህ ላይ ግልጽ ሆነላት፤ ዕውቀቱ አላት፣ ፍጥነቱ የላትም፣ ፍጥነቱን ለማምጣትም ወራት ያስፈልጋታል። ሦስቱን ፕሮግራሞች እነዚህን ወራት የት እንደሚያስቀምጡላት እየጠየቀች መመዘን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ፕሮግራም ሐ፣ ገንዘቡና ቪዛው

በዚህ መለኪያ ሐ መልካም ውጤት ነበረው። የመጀመሪያው ዓመት መሠረቱን ይጥላል፤ ልምምዱም ትምህርቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ስለሚመጣ ተማሪው የተማረውን ይዞ ይገባል። በፈረንሳይ ሕግ አንድ ተማሪ በአንድ ተቋም ውስጥ በአንድ የትምህርት ዓመት የሚሠራው ልምምድ ከስድስት ወር መብለጥ ስለማይችል ባንኮቹ ሙሉውን ስድስት ወር እንደ መቀጠሪያ ፈተና ይጠቀሙበታል። የፓሪስ የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ጥልቀትም በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። ያስቀረው ቋንቋው ነው። አመልካቿ ጥያቄውን በራሷ ቋንቋ ለመመለስ ፍጥነት እየጎደላት ሳለ በሦስተኛ ቋንቋ ለመመለስ መዘጋጀት ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ መሸከም እንደሚሆንባት እሷው ተናገረች። የፈረንሳይኛዋ ደረጃ ከፍ ያለ ቢሆን ኖሮ ከገንዘቡ አንጻር ሐ የመጀመሪያ ምርጫ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ የትምህርት ክፍያን ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። የሀ ክፍያ ከለ በግልጽ ይበልጥ ነበር፤ በሌላ በኩል ለ አራት ወር ያህል ስለሚረዝም የኑሮ ወጪውና የሚቀረው ደመወዝ ይጨምራል። ሆኖም በለ መካከል ያለው ልምምድ የሚከፈልበት ስለሆነ፣ ከተገኘ፣ የተጨማሪዎቹን ወራት ወጪ ይሸፍናል። ከተገኘ የሚለውን ሁኔታ በሒሳቡ ውስጥ ያስገባነው ልምምዱ ባይገኝስ የሚል ሁለተኛ ስሌት በመሥራት ነው፤ በዚያኛውም ስሌት የፕሮግራም ለ ወጪ ከሀ አልበለጠም።

ቪዛው ላይ ይበልጥ መጠንቀቅ ነበረብን። ብሪታንያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ለተመራቂዎች ያለ አሠሪ ዋስትና ሁለት ዓመት እንዲቆዩ ትፈቅዳለች፤ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ የማስተርስ ምሩቃን ግን ጊዜው ወደ አሥራ ስምንት ወር ይወርዳል። በአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ያለው ምሩቅ ለ12 ወር በሙያው መሥራት ይችላል፤ ትምህርቱ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዝርዝር ውስጥ ከተመዘገበ ደግሞ 24 ወር ይጨመርለታል። እዚህ ላይ ብዙ አመልካቾች የማያዩት ነገር አለ። ወሳኙ ፕሮግራሙ የሚጠራበት ስም ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ያስመዘገበው የትምህርት መለያ ቁጥር ነው፤ የፋይናንስ ሒሳብ መለያ የሆነው 27.0305 በዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ በአጠቃላይ ፋይናንስ ስም የተመዘገበ ፕሮግራም ግን ላይኖር ይችላል። አመልካቿ የፕሮግራም ለን መለያ ቁጥር በጽሑፍ ጠይቃ አረጋገጠች። ተጨማሪውን 24 ወር ለማግኘት አሠሪው የመንግሥትን የሠራተኛ ማረጋገጫ ሥርዓት የሚጠቀም መሆን እንዳለበትም በማስታወሻዋ ላይ አሰፈረች።

ከዚያ በኋላ ያለው፣ አሠሪ ለሠራተኛው የሚጠይቀው የኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ በኮታ የተገደበ ነው፤ በዓመት 65,000፣ በአሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ላላቸው ደግሞ 20,000 ተጨማሪ ቦታ አለ፤ አመልካቾች ከኮታው ሲበልጡ በዕጣ ይለያሉ። ሦስት ዓመት የሥራ ፈቃድ ያለው ሰው ለዚህ ዕጣ ከአንድ ጊዜ በላይ መቅረብ ይችላል፤ አንድ ዓመት ብቻ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዕድል ነው ያለው። እንዲህ ያሉ ሕጎች በድንገት ይለዋወጣሉ፤ በሴፕቴምበር 2025 ከአገሪቱ ውጭ ላሉ ሠራተኞች በሚቀርቡ አዳዲስ የኤች ዋን ቢ ማመልከቻዎች ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ መጣሉ አንዱ ማሳያ ነው። ስለሆነም የቪዛውን ጉዳይ የምርጫው ዋና ምሰሶ ሳናደርግ፣ ፕሮግራም ለን የሚያስጥል ነገር አለመኖሩን ብቻ አረጋገጥን።

ውሳኔውና ከዚያ በኋላ የሆነው

የሀ ተቀማጭ የሚከፈልበት ቀን ሲቃረብ አመልካቿ ቀኑ እንዲራዘምላት ጠየቀች። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት የኤፕሪል 15 ስምምነት ተማሪው እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲያስብ ጊዜ ቢሰጥም፣ የሚመለከተው የገንዘብ ድጋፍ ያላቸውን ቅበላዎች ነው፤ ከኪስ የሚከፈልባቸው የማስተርስ ፕሮግራሞች የፈለጉትን ቀን መቁረጥ ይችላሉ፣ የብሪታንያው ደግሞ በዚህ ስምምነት ውስጥ የለም። ማራዘሚያው አልተፈቀደም። ሦስቱን አማራጮች እንደገና ካየች በኋላ ሀን በጽሑፍ አመስግና ተወችው፤ የፕሮግራም ለን ተቀማጭ ከፈለች።

ቤተሰቧ ውሳኔውን በቀላሉ አልተቀበለውም። አባቷ፣ ስሙን ሁሉም የሚያውቀውን ዩኒቨርሲቲ ትቶ ማንም ወደማያውቀው መሄድ ምን ይባላል ብለው ጠየቋት። የሰጠቻቸው መልስ በማስታወሻዋ ላይ አለ፤ «አባባ፣ ሥራ የሚሰጡኝ ሰዎች ያውቁታል።» ይህ እውነት መሆኑን አስቀድማ አረጋግጣ ነበር፤ ለ ካለበት ከተማ ባሉ ባንኮች ውስጥ ከፕሮግራሙ የወጡ ቀጣሪዎች ነበሩ።

ከኤፕሪል እስከ ኦገስት የሥራዋን ሰዓት ሳትቀንስ ማታ ማታ የማጠናከሪያ ኮርሶቹን ተከታተለች። በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፈችው የመጀመሪያው ሙሉ ፕሮግራም የአውሮፓ ዓይነት ኦፕሽንን (በማብቂያው ቀን ብቻ የሚሠራበትን) ዋጋ በሞንቴ ካርሎ፣ ማለትም በብዙ የዘፈቀደ ናሙናዎች አማካይ፣ የሚያሰላ ነበር፤ ውጤቱን ከብላክና ሾልስ ቀመር ጋር እያነጻጸረች የናሙናውን ብዛት አራት እጥፍ ስታደርገው ስሕተቱ በግማሽ ብቻ እንደሚቀንስ በራሷ እጅ አየች። በመጀመሪያው መኸር ብዙ ማመልከቻ ላከች፤ ከሄጅ ፈንዶች (የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስበው በገበያ ላይ ከሚያውሉ ፈንዶች) እና ከንግድ ድርጅቶች ያገኘችው ምላሽ አላበረታታትም፤ በኮምፒውተር የሚሰጡት ፈተናዎች ላይ ወደቀች። ይህ ያልተጠበቀ አልነበረም፤ በሄጅ ፈንዶች የምርምር ቦታዎች ላይ ዶክትሬት ያላቸው ሰዎች ይበዛሉ፣ የማስተርስ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከእነሱ ጋር መወዳደሩ ከባድ ነው።

የተከፈተላት በር ካሰበችው ሌላ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭና የብሔራዊ ባንኮች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2011 ስለ ሞዴል ስጋት፣ ማለትም ሞዴል ሲሳሳት ስለሚመጣው ጉዳት፣ ካወጡት መመሪያ ወዲህ ትልልቅ ባንኮች ሞዴል የሚሠራውን ሰው ከሚያረጋግጠው ሰው ለይተው ትልልቅ የማረጋገጫ ክፍሎችን አደራጅተዋል። እነዚህ ክፍሎች የሌላውን ሞዴል በጥርጣሬ የሚያነብ፣ ግምቶቹን የሚፈትንና ያገኘውን በጽሑፍ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋሉ። እሷ በንግድ ባንኩ ሦስት ዓመት የሠራችው ይህንኑ ነበር። በጃንዋሪ የአንድ ባንክ የሞዴል ማረጋገጫ ክፍል ለልምምድ ጠራት፤ ከቃለ መጠይቁ ጥያቄዎች አንዱ ስለ ብድር አለመክፈል ዕድል ሞዴሎች ነበር፣ ለዚያም ከተማረችው ይልቅ ከሠራችው ተነሥታ መለሰች። ከልምምዱ በኋላ ቋሚ ሥራ ቀረበላት፤ በሦስተኛው ሴሚስተር ለሌሎች ድርጅቶች ተወዳድራ የተሻለ ባለማግኘቷ ተቀበለችው።

ከልምምዱ በፊት በደብዳቤ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሞዴል ማረጋገጥ ወደ ሞዴል መሥራት ያደርሳል ወይስ እዚያው ያስቀራል? በባንኮች ውስጥ ከማረጋገጫ ወደ ንግድ ጠረጴዛ የተሻገሩ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ይህን ያደረጉት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። ስለዚህ የዋጋ ሞዴሎችን በሚያረጋግጠው ቡድን እንድትመደብ ገና በቅጥሩ ጊዜ እንድትጠይቅ መከርኳት፤ የብድር ሞዴሎች ቡድን ውስጥ ከገባች የምታውቀውን እየደገመች ትቀራለችና። ጠየቀች፣ ተፈቀደላት፤ አሁን የወለድ ምጣኔ ዴሪቬቲቮች (ዋጋቸው በወለድ ምጣኔ ላይ የተመሠረተ ውሎች) ሞዴሎችን በሚመረምረው ቡድን ውስጥ ትሠራለች፣ የሥራ ፈቃዷም በ24 ወሩ ጭማሪ ላይ ነው።